ያገለገለ የጭነት መኪና የገዛ ሰው ጭነት ከማስጫኑ አስቀድሞ ሊያስፈጽመው ስለሚገባው ጥገና

በቅሎ የሚገዛ ሰው ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ሰኮናዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ከኮርቻው በታች የተሰወረ ቁስል እንዳይኖርባት ጀርባዋን ይዳስሳል። ያገለገለ የጭነት መኪና የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ የሞተሩንም ድምፅ ሰምቶ፣ የሻጩን ቃል በማመን በማግሥቱ እህል ያስጭንበታል። ከዚህም የተነሣ በመከር ወራት የገበሬውን እህል እንደ ተሸከመ በዳገት ላይ የሚቆም መኪና ይበዛል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንቢ ብሎ የነጂውንና የተሳፋሪውን ሕይወት የሚያጠፋው ነው። ስለዚህ አገር የማስተዳደር ሥራ የተጣለባችሁ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ሁሉ የሚከተለውን ታስተውሉት ዘንድ ይገባል።

ብዙ መንገድ የሄደ መኪና ያለፈ ታሪኩ አይታወቅም። የኪሎሜትር መቍጠሪያው ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ስለ ሆነ የታመነ ምስክር አይደለም። ቍጥሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ የፔዳሉ ጎማ ተልጎ፣ መሪውም በእጅ ብዛት ለስልሶ ቢገኝ፣ መቍጠሪያው የደበቀውን እነዚህ ይናገራሉ። እንግዲህ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ይኸውም በጽሑፍ ያልተመሰከረ ጥገና ሁሉ እንዳልተደረገ ይቈጠር። መኪናው የተገዛበት ቀን እንደ መጀመሪያ ቀን ተቈጥሮ ሥራው ከሥሩ ይጀመር። ለዚህ የሚሆነውም ገንዘብ ከግዢው አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ እንጂ፣ ያለው ገንዘብ ሁሉ ለሻጭ አይከፈል።

አንደኛ፤ የሚያቆመውና የሚመራው ክፍል ይታይ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚያወርደው መንገድ ከ 1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ነጂው ደጋግሞ በረገጠ ቍጥር ፍሬኑ ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበትን እየሳበ የሚጠጣ ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ 140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። በፈላም ጊዜ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት የሚጨመቅ ስለ ሆነ፣ ነጂው ቢረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ይወርድበታል። ስለዚህ አሮጌው ዘይት በሙሉ ፈስሶ በአዲስ ይለወጥ፤ ከዚያም ወዲህ በየ 2 ዓመቱ ይታደስ። ታምቡሮቹም ወልቀው የፍሬኑ ሸራ ውፍረትና የዘይት መፍሰስ ይመርመር። ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከባድ መኪና እንደ ሆነ፣ በአየር በርሜሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በየቀኑ ይውጣ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ነጂው ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ አይታመን።

ጎማም ዕድሜ አለው። በጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ በመጨረሻ የሚገኙት 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጅ አቈጣጠር ያስታውቃሉ፤ 2319 የሚል ቢገኝ በ 2019 ዓመት በ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ደኅና ቢመስልም ይለወጥ። ከኋላ ካሉት ጥንድ ጎማዎች መካከልም የተሰነቀረ ድንጋይ ይውጣ።

ሁለተኛ፤ ዘይቶች ሁሉ ይለወጡ። የሞተሩ ዘይት ሞተሩ ሞቅ ሲል ይፍሰስ፤ ፊልትሮውም አብሮ ይለወጥ። የፈሰሰው ዘይት ወተት መስሎ ቢገኝ ውሃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ቢታይበት ደግሞ ውስጡ ተበልቷል፤ በዚህ ጊዜ ጭነት ሳይታሰብ መካኒክ ይጠራ። የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት ብዙ ሰው የሚረሳው ስለ ሆነ አብሮ ይታደስ።

ሦስተኛ፤ የማቀዝቀዣው ክፍል ይጠበቅ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ 100 ዲግሪ ሲፈላ፣ እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ግን በ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊትን አምቆ በመያዝ ይህን የመፍላት ልክ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ዋጋው ትንሽ የሆነ ክዳን ጎማው ቢደርቅ፣ ደኅና የነበረ ሞተር በዳገት ላይ ይፈላል፤ ቴስታታውም ይጣመማል። ክዳኑና ቱቦዎቹ ይለወጡ፤ በራዲያተሩም ውስጥ የምንጭ ውሃ ሳይሆን፣ ዝገት የሚከለክል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይግባ። ሞተሩ እንደ ጋለ ግን ክዳኑ ከቶ አይከፈት።

አራተኛ፤ ቺንጋዎች ይታዩ። በአንዳንድ ሞተር ላይ ቫልቮችን የሚያንቀሳቅሰው የጥርስ ማርሽ ነው፤ በሌላው ላይ ግን የጎማ ቺንጋ ነው። በብዙ ላንድ ክሩዘር ላይ የሚገኘው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይህ ቺንጋ አለው፤ በየ 100,000 ኪሎሜትርም መለወጥ ይገባዋል። እየሠራ ሳለ የተበጠሰ እንደ ሆነ ፒስቶኑ ቫልቩን ይመታና ሞተሩ ይበላሻል። ስለዚህ መቼ እንደ ተለወጠ ካልታወቀ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

አምስተኛ፤ በገጠር መንገድ አቧራና ውሃ የሞተር ጠላቶች ናቸው። የአየሩ ፊልትሮ ይለወጥ፤ ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመው ውሃም ይፍሰስ። ባሌስትራው የተሰበረ ቅጠል እንዳይኖርበት ይታይ፤ የእግሮቹ ኩሽኔታዎች ታጥበው አዲስ ግራሶ ይቀቡ። ጎማ ወልቆ በተመለሰ ጊዜ፣ ከ 50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ለመኪናው መዝገብ ይከፈትለት። በመዝገቡም ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ የተደረገው ሥራና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ፤ በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና የሞተር ዘይቱ በየ 5,000 ኪሎሜትሩ ይለወጥ።

በመጨረሻም ለአለቆች የሚነገር አንድ ነገር አለ። ነጂው «ፍሬኑ አላማረኝም» ሲል፣ «ዛሬ ጭነቱን አድርስ፤ ጥገናው ሌላ ቀን ይሆናል» ብሎ የሚያዝ ሹም ወይም ባለ ንብረት፣ እርሱ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ሌላውን ሰው ወደ ገደል ይሰደዋል። የሚያዘው ሰው ከመሪው ኋላ ከሚቀመጠው ሰው ይልቅ በኃላፊነት ይጠየቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፣ ለጥገና የሚቆምበት አንድ ሳምንት በመከር መካከል ከሚጠፋው ወር ይሻላል፤ የሰው ነፍስ ግን በምንም አይተካም። ስለዚህ ነጂው ስለ ፍሬንና ስለ መሪ ያመለከተው ነገር በመዝገቡ እንዲጻፍ፣ ተመርምሮም ደኅና መሆኑ በመካኒኩ ፊርማ ሳይረጋገጥ መኪናው ጭነት እንዳይነካ እያንዳንዱ አለቃ በየበታቹ ትእዛዝ ይስጥ።