የዓሣ ጀልባ ሶናር የት ይተከል?

በሚኒሶታ ሐይቆች ላይ ዓሣ ለማጥመድ አነስተኛ የአልሙኒየም ጀልባ የገዛ አንድ ወዳጄ፣ የሶናሩን ትራንስዲውሰር በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ከየትኛው ወገን ቢተክለው እንደሚሻል ስለ ጠየቀኝ፣ ጥያቄው የሌሎቻችሁም እንደሚሆን በመገመት መልሱን ለሁላችሁ መጻፍን መረጥሁ።

ትራንስዲውሰር የሚባለው ክፍል የኤሌክትሪክ ኃይል ሲደርሰው እየተርገበገበ ድምፅን ወደ ቀላይ የሚሰድ፣ የተሰደደውም ድምፅ ከሐይቁ ወለል ወይም ከዓሣው ገላ ተመልሶ ሲመጣ ተቀብሎ ዳግመኛ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ልሳንነትንና እዝንነትን አስተባብሮ የያዘ መሣሪያ ነው። ድምፅ በሐይቅ ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1480 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሜትር ወርዶ ለመመለስ 14 ሚሊሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ይህ ፈጣን መልእክተኛ ከውሃና ከአየር ድንበር ሲደርስ ከሞላ ጐደል ሁለንተናው ወደ መጣበት ይመለሳልና፣ ከትራንስዲውሰሩ ሥር የሚያልፍ ስስ አረፋ ምስሉን ለማጥፋት በቂ ነው። (ዓሣውን በሶናሩ መስተዋት ላይ አጉልቶ የሚያሳየንም በአብዛኛው በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው፤ አጥማጁን የሚረዳው አየር ግን እርሱ ብቻ ነው።)

ጀልባው ሲሮጥ አረፋ የሚወለደው ከሪቬቶቹ፣ ከሆዱ ሥር ከተዘረጉት ጠርዞችና ከፕሮፔለሩ ዙሪያ ስለሆነ፣ ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ መሸሽ፣ ከፕሮፔለሩም ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር መራቅ ይገባል። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት ፕሮፔለሩ ወደ ፊት ሲነዳ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ፣ ምላጩ ወደ ታች የሚወርድበት የቀኙ ወገን ይመረጣል። የትራንስዲውሰሩ ፊት ከጀልባው ሆድ በፋይበርግላስ 3 ሚሊሜትር፣ በአልሙኒየም 1 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ ከዚህ ቢያልፍ ውሃ እየረጨ ያስቸግራል፣ በድንጋይም ይመታል። ጀልባው በተጎታቹ ላይ አዘንብሎ ሳለ የትራንስዲውሰሩን አግድምነት በውሃ ልክ መለካት ያሳስታልና፣ አስቀድሞ ጀልባው ራሱ ይስተካከል።

ስለ ማዕድኑም አንድ ነገር ልበል፤ የጀልባውን ሆድ በስቶ የሚገባ የነሐስ ትራንስዲውሰር፣ ዋጋው ምንም ቢያማልል፣ በአልሙኒየም ጀልባ ላይ ከቶ አይገጠም፤ ሁለቱ ማዕድናት በውሃ ውስጥ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ ተፈጥሮ አልሙኒየሙን ቀስ በቀስ ይበላዋልና። ኬብሉን ከሞተሩ ሽቦዎች አርቃችሁ ዘርጉት፤ ቢረዝምባችሁም ጠቅልላችሁ አኑሩት እንጂ አትቁረጡት።

በእኔ ፍርድ፣ በደኅና ስፍራ የተተከለ ርካሽ ሶናር ያለ ቦታው ከተሰቀለ ውድ ሶናር ይበልጣል። ስለዚህ ጀልባችሁን እየደጋገማችሁ ከመብሳት፣ ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ በኋላው ግድግዳ ላይ በማጣበቂያ አጣብቃችሁ ብሎኑን በእርሱ ላይ እሰሩ፤ ግድ ሆኖ ከበሳችሁም ቀዳዳውን ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ ድፈኑት። ከዚያም በሙሉ ፍጥነት ነድታችሁ ሞክሩ፤ ምስሉ የሚጠፋ ከሆነ በጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ፣ ውሃ የሚረጭ ከሆነ ከፍ አድርጉት። ይህም ሆኖ ያልተስተካከለላችሁ የጀልባችሁን የኋላ ክፍል ፎቶግራፍ ከዚህ ሥር ላኩልኝ።