ምጣዱን ማን ሠራው?

ልጅ ከቤት የሰማውን ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ደግ ቃል ከሰማ ደጉን ይዞ ይሄዳል። ስድብ ከሰማም ስድቡን ይዞ ይሄዳል። እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በመንደራችን አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት አሉ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ገባች። ጥቂት ቀን ተማረችና ቀረች። እናቷ ቢጠይቋት፣ «አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ‹ቡዳ ናት፣ ትበላናለች› ይሉኛል» አለች።

ልጆቹ ይህን ቃል ከየት አመጡት? መጽሐፍ ላይ አላነበቡትም። አስተማሪም አላስተማራቸውም። ከእኛ ነው የሰሙት። ቡና ስንጠጣ፣ ከገበያ ስንመለስ፣ ስናወራ ሰምተውናል።

መምህርቷ ነገሩን ሰማች። ልጆቹን አልገረፈችም። እናትየዋ ቤት ሄዳ ልጅቷን መልሳ አመጣቻት። በማግስቱ ክፍሉን እንዲህ ስትል ጠየቀች።

«ዛሬ ጠዋት ምን በላችሁ?»
«እንጀራ!»
«እንጀራው በምን ተጋገረ?»
«በምጣድ!»
«ምጣዱን ማን ሠራው?»

ክፍሉ ዝም አለ። መምህርቷ ቀጠለች። «አባቶቻችሁ መሬቱን የሚያርሱበትን ማረሻ ማን ቀጠቀጠው? የምትለብሱትን ጋቢ ማን ሸመነው?»

ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «የኛን ምጣድ የሠሩት የእሷ እናት ናቸው» አለ።

«እንግዲያው እሷ ናት የምትበላን፣ ወይስ እኛ ነን ከእናቷ ምጣድ የምንበላው?» አለች መምህርቷ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍሉ ሦስት ነገር ተለወጠ።

አንደኛ፣ ልጆቹ በየሳምንቱ ቦታ ይቀያየራሉ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይቀመጣል። ጆሮው በደንብ የማይሰማው ልጅ ግን ሁልጊዜ ፊት ነው። በክራንች የሚሄደው ልጅም ከጨዋታ አይቀርም። ኳስ ሲጫወቱ ዳኛው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች ሰላምታቸውን ለክፍሉ ያስተምራሉ። ፊት ሲናገሩ የሚሳቅባቸው እነሱ ነበሩ። ዛሬ አስተማሪዎች ሆኑ።

ሦስተኛ፣ የክፍሉን አለቃ ልጆቹ ራሳቸው መረጡ። ሦስት ልጆች ተወዳደሩ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ማሰሮ ከሰሌዳው ጀርባ ተቀመጠ። እያንዳንዱ ልጅ ማንም ሳያየው አንድ ባቄላ ጣለ። ቆጠራው በሁሉም ፊት ሆነ። ያልተመረጡትም ሐሳባቸውን ይናገራሉ፤ አለቃው የመስማት ግዴታ አለበት። ካጠፋም በምርጫ ይቀየራል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገበሬውም፣ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም ባንድ ፊደል ገበታ ፊት ተቀመጡ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። በዘሩ፣ በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታው ወይም በሀብቱ አይለይም።

ታዲያ ዐዋጁ እያለ ስድቡ ለምን ቆየ? ዐዋጅ በአደባባይ ይነገራል። ስድብ ግን በምድጃ ዙሪያ ነው የሚማሩት። ስለዚህ መድኃኒቱም ከምድጃው ዙሪያ መጀመር አለበት።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አንልም። በቅርቡ አንድ አባት፣ «ልጄን ከእሷ አጠገብ አንሡልኝ» ብለው ትምህርት ቤት መጡ። መምህርቷ፣ «ቤትዎ ያለውን ምጣድ ማን ሠራው?» አለቻቸው። አባትየው ዝም አሉ። መልሱን የሰጠው ልጃቸው ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን እየቀደሙን ነው። እኛም እንድረስባቸው። አንደበታችንን ዛሬውኑ እናርም።

አንብበን እንወያይ፦
1. በቤታችን ሰውን በሥራው የሚያንቋሽሹ የትኞቹ ቃላት ይነገራሉ?
2. በሰፈራችን ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ? የቀረው ለምንድን ነው?
3. እሱን ለመመለስ ነገ ማን ይሂድ?