ካት 5ኢ፣ ካት 6 ወይስ ካት 6ኤ? በዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች የኔትወርክ ገመድ አመራረጥ

መግቢያ

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከሚገጠሙ የኔትወርክ ዕቃዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ የሚጠበቅበት ገመዱ ነው። ስዊችና የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ይተካሉ፤ በግድግዳ ውስጥና በኮርኒስ ላይ የተዘረጋ ገመድ ግን ሕንፃው እስኪታደስ ድረስ ከቦታው አይነሳም። በመሆኑም በገመድ ግዥ ላይ የሚፈጸም ስሕተት በቀላሉ አይታረምም፤ ግድግዳ ማፍረስን፣ ኮርኒስ ማንሳትን፣ የመማሪያ ክፍሎችን መዝጋትን ይጠይቃል።

በአንጻሩ የገመድ ምርጫ ብዙውን ጊዜ የቁጥር ውድድር ተደርጎ ይታያል። ካት 6 ከካት 5ኢ፣ ካት 7 ከካት 6፣ ካት 8 ከሁሉም ይበልጣል የሚል እሳቤ አለ። ይህ መጣጥፍ እሳቤው በሁለት ምክንያቶች አሳሳች መሆኑን ያብራራል። አንደኛ፣ የደረጃ ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከመስመሩ ርዝመትና ከሚሸከመው አገልግሎት ጋር ሲታይ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በገመዱ ልባስ ላይ መታተሙ ብቻውን ሽቦው በእርግጥ ከምን ብረት እንደተሠራ አያረጋግጥም። ሁለተኛው ነጥብ በአነስተኛ ዋጋ ለሚወሰኑ ጨረታዎች ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት አለው።

የደረጃው ቁጥር ምን ይለካል?

የኢተርኔት ገመድ ስምንት ሽቦዎች አሉት፤ እነርሱም ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ አራት ጥንዶች ናቸው። መገመዳቸው ለጥንካሬ ሳይሆን ረብሻን ለመከላከል ነው። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ሲጠማዘዙ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ በሁለቱም ላይ በተቀራራቢ መጠን ያርፋል፤ ተቀባዩ መሣሪያ ደግሞ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ በመሆኑ ረብሻው ይጣፋል። አራቱ ጥንዶች በተለያየ ጥብቀት የሚገመዱትም አንዱ ጥንድ ለሌላው ረብሻ እንዳይሆን ነው። በብዙ የካት 6 ገመዶች ውስጥ በጥንዶቹ መካከል የሚገኘው የፕላስቲክ መለያ ዓላማውም ይኸው ነው።

የገመድ ደረጃ የሚናገረው እንግዲህ ይህ መከላከያ እስከ ምን ያህል ድግግሞሽ ድረስ ተለክቶ እንደተረጋገጠ ነው። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜጋኸርዝ፣ ካት 6 እስከ 250 ሜጋኸርዝ፣ ካት 6ኤ እስከ 500 ሜጋኸርዝ፣ ካት 8 ደግሞ እስከ 2000 ሜጋኸርዝ የተወሰኑ የመዳከምና የረብሻ ገደቦችን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። ፍጥነትን የሚወስነው የኢተርኔት መስፈርቱ ነው። አይ ትሪፕል ኢ በ1999 ያጸደቀው በተገመዱ የመዳብ ጥንዶች የሚሠራ የ1 ጊጋቢት ኢተርኔት አራቱንም ጥንዶች በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይጠቀማል፤ እያንዳንዱ ጥንድ 250 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ስለሚሸከም ካት 5ኢ ይበቃዋል። በ2006 የጸደቀው የ10 ጊጋቢት ኢተርኔት ግን በአንድ ጥንድ 2.5 ጊጋቢት ስለሚያስተላልፍ እስከ 400 ሜጋኸርዝ የሚጠጋ ድግግሞሽ ይፈልጋል። ካት 6 ለዚህ ድግግሞሽ አልተለካም፤ የርዝመት ገደብ የሚጣልበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ርዝመትና አገልግሎት

መስፈርቶቹ ለአንድ መስመር የሚፈቅዱት ርዝመት 100 ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 90 ሜትሩ በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ ለሚዘረጋው ቋሚ ገመድ፣ ቀሪው 10 ሜትር በሁለቱ ጫፎች ለሚሰኩት አጫጭር ገመዶች ነው። በዚህ ርዝመት ካት 5ኢም ሆነ ካት 6 የ1 ጊጋቢት አገልግሎትን ያለ ችግር ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በላይ ሲፈለግ ነው። ካት 6 የ10 ጊጋቢት ኢተርኔትን እስከ 55 ሜትር ሊሸከም ይችላል፤ ገመዶቹ በአንድ ጥቅል ተጣብቀው ከታሰሩና ከጎን ካለው ገመድ የሚመጣው ረብሻ ከፍተኛ ከሆነ ግን ርቀቱ ወደ 37 ሜትር ዝቅ ይላል። ካት 6ኤ ይህን የጎን ረብሻ ለመቋቋም ታስቦ የተሠራ በመሆኑ የ10 ጊጋቢት አገልግሎትን እስከ ሙሉ 100 ሜትር ያደርሳል። በልዋጩ ወፍራምና ለመታጠፍ አስቸጋሪ ነው፤ ሰፋ ያለ ቱቦና የገመድ መደርደሪያም ይጠይቃል።

በ2016 የጸደቀው የ2.5 እና የ5 ጊጋቢት ኢተርኔት ደግሞ ቀድሞ በተዘረጉ ገመዶች ላይ እንዲሠራ ታስቦ የወጣ ነው። 2.5 ጊጋቢት በካት 5ኢ፣ 5 ጊጋቢት በካት 6 ላይ እስከ 100 ሜትር እንዲሄድ የተነደፈ ሲሆን፣ ይህም በካት 5ኢ የተዘረጋን ነባር ሕንፃ ገመዱን ሳይነቅሉ ስዊቹን ብቻ በመቀየር ማሻሻል የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል።

ካት 7 በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ መስፈርት ውስጥ ቢገኝም የአሜሪካው የቴሌኮሙኒኬሽን ኢንዱስትሪ ማኅበር አልተቀበለውም፤ መስፈርቱን በሙሉ ለማሟላትም ከተለመደው አርጄ 45 የተለየ ማያያዣ ይፈልጋል። ካት 8 ለ25 እና ለ40 ጊጋቢት የተዘጋጀ ነው፤ የመስመሩ ርዝመት ግን 30 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቦታው የመረጃ ማዕከል እንጂ የመማሪያ ሕንፃ አይደለም። ካት 8ን ለቢሮ የሚገዛ ተቋም የማይጠቀምበትን አቅም ይገዛል።

ሙቀትም የርዝመቱን ስሌት ይለውጠዋል። ከላይ የተጠቀሰው የ90 ሜትር ገደብ የተሰላው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። መከለያ በሌለው ገመድ ላይ የሲግናሉ መዳከም ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ክልል በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ፣ ከ40 እስከ 60 ባለው ደግሞ 0.6 በመቶ ይጨምራል ተብሎ ይሰላል። በዚህም መሠረት የቋሚው ገመድ ርዝመት በ40 ዲግሪ ወደ 84 ሜትር፣ በ60 ዲግሪ ወደ 75 ሜትር መቀነስ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ይህ ብዙ አያሳስብም፤ በሰመራ፣ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒስ መካከል ለሚዘረጋ ገመድ ግን የንድፉ አካል ሊሆን ይገባል።

ከልባሱ ሥር ያለው ብረት

መስፈርቶቹ የኢተርኔት ገመድ ሽቦ ከመዳብ እንዲሠራ ይጠይቃሉ። በገበያ ላይ ግን ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ በስስ መዳብ የተለበጠ ገመድ ይገኛል። አሉሚኒየም ከመዳብ ይረክሳል፣ ይቀልላልም፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ግን የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 0.51 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በ100 ሜትር 8.4 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ሲኖረው፣ በዚሁ ውፍረት በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ወደ 13 ኦም ይደርሳል። መስፈርቱ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን 9.38 ኦም ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ገመድ በልባሱ ላይ ምንም ቁጥር ቢታተምበት የትኛውንም ደረጃ አያሟላም።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ገመዱ ከመረጃ ጋር የኤሌክትሪክ ኃይልንም ሲሸከም ነው። የደህንነት ካሜራዎች፣ የጠረጴዛ ስልኮችና አክሰስ ፖይንቶች በአብዛኛው ኃይል የሚያገኙት ከስዊቹ በዚያው ገመድ ነው። በ2009 የወጣው መስፈርት ስዊቹ በአንድ መስመር እስከ 30 ዋት እንዲሰጥ፣ መሣሪያው ደግሞ እስከ 25.5 ዋት እንዲወስድ ይፈቅዳል። በመካከል ያለው 4.5 ዋት በገመዱ ላይ በሙቀት መልክ ለሚጠፋው ኃይል የተተወ ነው።

የሁለቱን ብረቶች ልዩነት በስሌት ማሳየት ይቻላል። ስዊቹ 50 ቮልት ቢሰጥ፣ ኃይሉ በሁለት ጥንዶች ቢሄድና 100 ሜትር ርቆ የሚገኝ አክሰስ ፖይንት ሙሉውን 25.5 ዋት ቢፈልግ፣ በመዳብ ገመድ ላይ የሚባክነው 2.7 ዋት ገደማ ነው፤ ከስዊቹ የሚወጣው ድምር 28.2 ዋት ስለሚሆን መጠባበቂያ ይተርፋል። በመዳብ በተለበጠ አሉሚኒየም ላይ ግን ብክነቱ ወደ 4.8 ዋት፣ ድምሩ ወደ 30.3 ዋት ያድጋል። ይህ ስዊቹ እንዲሰጥ ከሚጠበቅበት መጠን ያልፋል፤ የማያያዣዎች ሬዚስታንስና የኮርኒስ ሙቀት ገና አልተጨመሩም። እንዲህ ያለው መስመር በርክክብ ቀን ይሠራል፤ ተጠቃሚ ሲበዛና ቀኑ ሲሞቅ ግን አክሰስ ፖይንቱ እየጠፋ ይነሳል። ባለሙያውም ጥፋቱን በስዊቹ ወይም በሶፍትዌሩ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ከ2018 ጀምሮ እስከ 90 ዋት በአራቱም ጥንዶች ማስተላለፍ የሚፈቅድ መስፈርት መውጣቱ ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል።

ገመዱን ከመዘርጋት በፊት መመርመር

ይህን ስሕተት ከመነሻው ለመያዝ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ገመድ በአብዛኛው በ305 ሜትር ካርቶን ይሸጣል። ካርቶኑ ሳይፈታ በገመዱ አንድ ጫፍ የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ተላጥተው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በሌላው ጫፍ የዚያው ጥንድ ሬዚስታንስ በተራ መልቲሜትር ይለካል። ሲግናሉ ሄዶ ስለሚመለስ የሚለካው የ610 ሜትር ሽቦ ነው። የ0.51 ሚሊሜትር መዳብ 51 ኦም ገደማ፣ ወፈር ያለው የ0.57 ሚሊሜትር መዳብ ደግሞ 41 ኦም ገደማ ያሳያል። በመስፈርቱ ስሌት ከፍተኛው 57 ኦም ነው። ንባቡ ወደ 80 ኦም ከተጠጋ ገመዱ ወይ አሉሚኒየም ነው፣ ወይም ከሚገባው በላይ ቀጥኗል፤ በሁለቱም ሁኔታ መመለስ አለበት። ሙቀት በእያንዳንዱ ዲግሪ ንባቡን በ0.4 በመቶ ገደማ ከፍ ስለሚያደርገው ልኬቱ በጥላ ሥር ቢወሰድ ይመረጣል። የካርቶኑ ርዝመትም በልባሱ ላይ ከታተሙት የሜትር ምልክቶች መረጋገጥ አለበት፤ ያጠረ ገመድ ዝቅተኛ ንባብ በመስጠት ያሳስታል።

ሁለተኛው ምርመራ ሽቦውን በምላጭ መፋቅ ነው። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው፤ የተለበጠው ሲፋቅ ግን ነጣ ያለ ብረት ይወጣዋል። ክብደትም ይመሰክራል፤ አሉሚኒየም በተመሳሳይ መጠን የመዳብን ሲሶ ያህል እንኳ አይመዝንም።

አዘረጋግና ፍተሻ

ትክክለኛ ገመድም በተበላሸ አዘረጋግ ደረጃውን ያጣል። ማያያዣው ላይ ሲገጠም የጥንዶቹ ጥምዝ ከ13 ሚሊሜትር በላይ መፈታት የለበትም፤ መከለያ የሌለው ገመድ ሲታጠፍ የመታጠፊያው ራዲየስ ከገመዱ ዲያሜትር አራት እጥፍ ማነስ የለበትም፤ በጉተታ ጊዜም የሚያርፍበት ኃይል ከ110 ኒውተን እንዲያልፍ አይፈቀድም። ካት 6ኤ ገመድ በካት 5ኢ ሶኬት ላይ ከተገጠመ መስመሩ በሙሉ ካት 5ኢ ይሆናል፤ የመስመር ደረጃ የደካማው ክፍሉ ደረጃ ነውና።

በመብራት ብቻ የሚያሳየው ርካሽ ቴስተር ስምንቱ ሽቦዎች ከጫፍ ጫፍ መድረሳቸውን እንጂ ትክክለኛ ጥንዶቻቸውን መጠበቃቸውን አይለይም። የአንዱ ጥንድ ሽቦ ከሌላው ጥንድ ሽቦ ጋር ቢቀያየር ቴስተሩ ስምንቱንም መብራቶች ያበራል፤ የመገመዱ ጥቅም ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ርክክብ በእያንዳንዱ መስመር ላይ መዳከምን፣ ረብሻንና ርዝመትን በሚለካ የማረጋገጫ መሣሪያ ውጤት ሊደገፍ ይገባል።

መከለያ ያለው ገመድ የሚጠቅመው መከለያው በአግባቡ ከኧርዝ ጋር ሲያያዝ ነው፤ የሕንፃው የኧርዝ መስመር አስተማማኝ ካልሆነ መከለያ የሌለው ገመድ የተሻለ ምርጫ ይሆናል። በሕንፃዎች መካከል ግን የመዳብ ገመድ ከነጭራሹ ባይዘረጋ ይመረጣል። በሁለት ሕንፃዎች መካከል የሚኖር የኧርዝ ልዩነትና በክረምት የሚወርድ መብረቅ በመዳብ ተጉዞ መሣሪያዎችን ያቃጥላል፤ ፋይበር ኦፕቲክ ኤሌክትሪክን ስለማያስተላልፍ ከዚህ ነፃ ነው።

ምርጫው በተግባር

አንድ ባለ አራት ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ በምሳሌነት ቢወሰድ፣ ለቢሮዎች፣ ለኮምፒውተር ክፍሎችና ለካሜራዎች ካት 6 በቂ ነው። ከዋጋ አንጻር ካት 5ኢም ለ1 ጊጋቢት ይበቃል፤ በአዲስ ሕንፃ ግን የሥራው ዋጋ ለሁለቱም ተቀራራቢ ስለሆነ ካት 6ን መተው እምብዛም አያተርፍም። ለአክሰስ ፖይንቶችና ከባድ መረጃ ለሚያንቀሳቅሱ የምርምር ላቦራቶሪዎች ካት 6ኤ ይመከራል፤ ወፍራሙ ሽቦ ኃይልን በዝቅተኛ ብክነት ያስተላልፋል፣ የወደፊት ፍጥነትንም ይቀበላል። ፎቅን ከፎቅ፣ ሕንፃን ከሕንፃ የሚያገናኘው ዋና መስመር ፋይበር ይሁን። በካት 5ኢ የተዘረጋ ነባር ሕንፃ ደግሞ በልኬት ተረጋግጦ ደህና ከሆነ ሊነቀል አይገባም።

ማጠቃለያ

የገመድ ምርጫ ዋና ጥያቄ «የትኛው ቁጥር ይበልጣል?» የሚል አይደለም። ጥያቄው መስመሩ ምን ያህል ይረዝማል፣ ምን ይሸከማል፣ ከምን ብረት ተሠርቷል፣ ማንስ ለክቶ አረጋግጦታል የሚል ነው። የጨረታ ሰነድ «ካት 6 ገመድ» ብቻ ካለ፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው አቅራቢ አሉሚኒየሙን ይዞ የሚመጣበት በር ተከፍቷል ማለት ነው። ሽቦው ሙሉ በሙሉ መዳብ እንዲሆን፣ የሽቦው ውፍረት በሚሊሜትር እንዲገለጽ፣ የ100 ሜትር ሬዚስታንሱ ከ9.38 ኦም እንዳይበልጥ፣ ሶኬትና ፓች ፓነሉ ከገመዱ ጋር በደረጃ እኩል እንዲሆኑ፣ ክፍያውም ከእያንዳንዱ መስመር የልኬት ውጤት ጋር እንዲያያዝ የሚጠይቁ አምስት መስመሮች በሰነዱ ላይ ቢጨመሩ በሩ ይዘጋል። እነዚህን ለመጻፍ የሚጠፋው ጊዜ የአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ሳይጻፉ ቢቀሩ ግን ጉዳቱ ሕንፃው እስኪታደስ ድረስ በግድግዳው ውስጥ ይኖራል።