«በምን ታወቀ?»፦ የሥነ ፈለክ ሴሚናር የሚጠይቀው

በኮሌጅ የሥነ ፈለክ መግቢያ ሴሚናር ዋናው ተናጋሪ ተማሪው ነው። አንድ ርዕስ ይመርጣል፣ አንብቦ ይዘጋጃል፣ በተሰጠው ደቂቃ ለክፍል ጓደኞቹ ያቀርባል፤ ከዚያ ጥያቄ ይቀርብለታል። ፈተናው ያለው እዚያ ላይ ነው። «አንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል» ማለት አይከብድም። «በምን ታወቀ?» ሲባል ግን መንገዱን ማሳየት ያስፈልጋል።

ይህንኑ ርዕስ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1920 ሀርሎ ሻፕሊ እና ሂበር ከርቲስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዋሽንግተን ላይ ተከራከሩ። ሻፕሊ እንደ አንድሮሜዳ ያሉት ጠመዝማዛ ደመናዎች ሌሎች ጋላክሲዎች አይደሉም ሲል፣ ከርቲስ ራሳቸውን የቻሉ ጋላክሲዎች ናቸው አለ። ክርክሩን የሚቋጨው ርቀታቸው ነበር፤ እሱ ደግሞ ገና በአስተማማኝ ሁኔታ አልተለካም ነበር።

መለኪያው ግን ቀድሞ ተገኝቷል። የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ባልደረባ ሄንሪታ ሌቪት ሴፊድ የሚባሉትን፣ ብርሃናቸው በየጊዜው ደመቅ ፈዘዝ የሚል ኮከቦች አጥንታ፣ ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸው እንደሚጨምር በ1912 አሳየች። ስለዚህ ዑደቱን በቀን የቆጠረ ሰው ኮከቡ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚያበራ ያውቃል። እኩል ኃይል ካላቸው የመንገድ መብራቶች ፈዞ የሚታየው የራቀው ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። እውነተኛውን ድምቀት ከሚታየው ጋር ማነጻጸር ርቀቱን ይሰጣል።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል በ1923 በማውንት ዊልሰን ኦብዘርቫቶሪ ባለ 100 ኢንች ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳን ፎቶ አነሳ። በመስታወት ፕሌቱ ላይ መጀመሪያ ኖቫ (በድንገት የሚደምቅ ኮከብ) መስሎት ምልክት ያደረገበት ነጥብ ሴፊድ ሆኖ ሲያገኘው፣ ምልክቱን ሰርዞ «ተለዋዋጭ» የሚለውን በምህጻረ ቃል ከነቃለ አጋኖው ጻፈበት። ርቀቱን ሲያሰላ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ አገኘ፤ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ መሆኑን ለማሳየት ይህ በቂ ነበር።

ታዲያ የሀብል ቁጥር ከዛሬው ለምን አነሰ? ሴፊዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበር። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዋልተር ባደ ይህን በ1952 ሲያስታውቅ ርቀቱ በእጥፍ ያህል አደገ፤ ዘዴው ግን አልተሻረም። ቁጥሩን ብቻ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ እዚህ ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ ዘዴውን የተረዳው ግን ቁጥሩ ለምን እንደተስተካከለም ያስረዳል።