የተራዘመ ሜጀር ኮርድ በጊታር

የተራዘመ ሜጀር ኮርድ በሜጀር ሰባተኛ ኮርድ ላይ ዘጠነኛ፣ አስራ አንደኛ ወይም አስራ ሦስተኛ ኖታ ሲጨመርበት የሚገኝ ኮርድ ነው። በተለይ በጃዝ ሙዚቃ በብዛት ይሰማል።

አሠራር

ኮርድ የሚሠራው በስኬሉ ላይ አንድ አንድ ኖታ እየተዘለለ ነው። በዶ ሜጀር ስኬል ዶ፣ ሚ እና ሶል ተራውን ሜጀር ኮርድ ይሰጣሉ። ሲ ሲጨመር ሜጀር ሰባተኛ፣ ከዚያ ሬ ሲጨመር ሜጀር ዘጠነኛ፣ ፋ ሲጨመር ሜጀር አስራ አንደኛ፣ ላ ሲጨመር ደግሞ ሜጀር አስራ ሦስተኛ ይሆናል። ሬ በስኬሉ ሁለተኛ ኖታ ቢሆንም ስምንተኛው ዶ ታልፎ በላይኛው ኦክታቭ ስለሚመጣ ዘጠነኛ ይባላል።

ሰባተኛው ኖታ በግማሽ ድምፅ ወርዶ ሲ ፍላት ከሆነ ኮርዱ ሜጀር ሳይሆን ዶሚናንት ይባላል። ብዙ ጀማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

የሚተዉ ኖታዎች

ሙሉው አስራ ሦስተኛ ኮርድ 7 ኖታዎች አሉት፤ ጊታር ግን 6 ክሮች ብቻ ሲኖሩት ክሮቹን የሚይዙትም አብዛኛውን ጊዜ 4 ጣቶች ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ኖታዎች ይተዋሉ። በቅድሚያ የሚተወው አምስተኛው (ሶል) ነው፤ ቢቀር የኮርዱ ጠባይ አይለወጥምና። ሦስተኛው (ሚ) እና ሰባተኛው (ሲ) ግን የኮርዱን ዓይነት የሚለዩ በመሆናቸው ይጠበቃሉ። ቤዝ ጊታር መነሻውን ኖታ ከያዘ ጊታሪስቱ ዶን ራሱን ሊተው ይችላል።

አስራ አንደኛው (ፋ) ከሚ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚለይ ከእርሱ ጋር ይጋጫል። በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ይተዋል፣ ወይም ወደ ፋ ሻርፕ ከፍ ይደረጋል።

አያያዝ

ክሮች ከቀጭኑ ጀምሮ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ይቆጠራሉ።

ዶ ሜጀር ሰባተኛ፦ 5ኛ ክር በ3ኛ ፍሬት፣ 4ኛ ክር በ2ኛ ፍሬት ይያዛሉ፤ 3ኛ፣ 2ኛ እና 1ኛ ክሮች ሳይያዙ ይመታሉ። 6ኛው አይመታም።

ዶ ሜጀር ዘጠነኛ፦ 5ኛ ክር በ3ኛ ፍሬት በመሃል ጣት፣ 4ኛ ክር በ2ኛ ፍሬት በአመልካች ጣት፣ 3ኛ ክር በ4ኛ ፍሬት በትንሿ ጣት፣ 2ኛ ክር በ3ኛ ፍሬት በቀለበት ጣት ይያዛሉ። 6ኛው እና 1ኛው አይመቱም። የሚሰሙት ዶ፣ ሚ፣ ሲ እና ሬ ናቸው፤ ሶል ተትቷል።

ዶ ሜጀር አስራ ሦስተኛ፦ 6ኛ ክር በ8ኛ ፍሬት፣ 4ኛ እና 3ኛ ክሮች በ9ኛ ፍሬት፣ 2ኛ እና 1ኛ ክሮች በ10ኛ ፍሬት ይያዛሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ክሮች ትንሿ ጣት ብቻዋን ተጋድማ ትጫናለች። 5ኛው ክር እንዳይሰማ ይታፈናል። የሚሰሙት ዶ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ እና ሬ ናቸው።

አያያዙ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ክሮቹ አንድ በአንድ በዝግታ ሲመቱ ነው። ሚ ወይም ሲ ታፍኖ ከቀረ የኮርዱ ዓይነት ተለይቶ አይታወቅም።