የማረሚያ ቤት ወጥ ቤት በፊዚክስ ዓይን

ስለ ኃይል ቁጠባ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበን የመብራት አምፖል ነው። በማረሚያ ቤት ግን ብዙው ኃይል የሚጠፋው በወጥ ቤቱ ነው። በብዙዎቹ የአገራችን ማረሚያ ቤቶች ወጡ የሚሠራውም ሆነ እንጀራው የሚጋገረው በማገዶ ነው። እንጨቱ ከአካባቢው ደን ይመጣል፤ ጭሱ ወደ አብሳዮቹ ሳንባ ይገባል። ታራሚ ደግሞ ጭስ ሸሽቶ የሚሄድበት ሥፍራ የለውም።

ስሌቱን በነቀምቴ እንጀምር። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 100 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ 31 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። 1 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ሲነድ 16 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ሙቀቱ በሙሉ ወደ ድስቱ ቢገባ 2 ኪሎ እንጨት ይበቃ ነበር። በሦስት ጉልቻ ላይ ግን ድስቱ ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶው ብቻ በመሆኑ ከ13 እስከ 20 ኪሎ ይነዳል። እሳቱ ዙሪያውን በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ሆኖ ትኩሱ አየር የድስቱን ጎን እየታከከ በጭስ ማውጫ እንዲወጣ ሲደረግና ድርሻው 30 በመቶ ሲደርስ፣ 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ይበቃል። ለእንጀራም ቢሆን «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ብክነት የሚጀምረው ግን ውሃው ከፈላ በኋላ ነው። እሳት ቢጨመር ሙቀቱ ከ93 ዲግሪ አያልፍም፤ ባቄላውም ፈጥኖ አይበስልም፤ የሚበዛው እንፋሎቱ ነው። የፈላ 1 ሊትር ውሃ ተንኖ እንዲያልቅ 2.26 ሜጋ ጁል ይወስዳል፤ ይህም እስኪፈላ ከወሰደው 7 እጥፍ በላይ ነው። ክዳን በሌለው ድስት 10 ሊትር ቢተን፣ 100 ሊትሩን ለማፍላት ከዋለው ሙቀት ሦስት አራተኛው ያህል ዳግም ባከነ ማለት ነው። ክዳን መግጠም፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ፣ ባቄላውን ከዋዜማው መዘፍዘፍ (እናቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል) ይህ ነው የሚባል በጀት አይጠይቁም። ከነቀምቴ ይበልጥ ከፍ ብላ በምትገኘው ሻምቡ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ መዘፍዘፉ የበለጠ ይጠቅማል።

ወደ ታዳሽ ኃይል ስንመጣ የጎረቤት ልምድ አለ። በሩዋንዳ የኪጋሊ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2001 በቻንጉጉ እስር ቤት ከመሬት በታች የባዮጋዝ ጉልላት ሠራ፤ ሥራው ወደ ሌሎች እስር ቤቶችም ተስፋፍቶ በ2005 የአሽደን ሽልማት አገኘ። የመጸዳጃ ፍሳሹ አየር በሌለበት ሲብላላ የሚገኘው ሚቴን ከማገዶው ግማሽ ያህሉን ተክቷል። ወንዝ ይበክል የነበረውም ፍሳሽ ማዳበሪያ ሆኗል። በኦሮሚያ ገጠር ለቤተሰብ የሚሆኑ ተመሳሳይ ጉልላቶች ስለተሠሩ፣ ሙያው ለአገራችን ግንበኞች እንግዳ አይደለም። በደጋው አየር ብላቱ እንደሚዘገይ ግን ታስቦ ጉልላቱ ሰፋ ተደርጎ መሠራት ይኖርበታል።

የፀሐይ ፓነልን በመጨረሻ እናስቀምጠዋለን። የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው እዚሁ ወለጋ ውስጥ ስለሆነ፣ በመስመር የሚመጣውም መብራት በአብዛኛው የውሃ ኃይል ነው። ፀሐይዋን በጣሪያ ላይ ውሃ ለማሞቅ ማዋሉ ይሻላል፤ 20 ዲግሪ የነበረው ውሃ 50 ዲግሪ ሆኖ ወደ ድስቱ ቢገባ፣ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት 40 በመቶው ተሸፈነ ማለት ነው። በክረምት ደመና ግን ይህን ያህል አይጠበቅም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሚዛን ነው። በአንድ ሳምንት ስንት ኪሎ እንጨት ለስንት ሰው ምግብ እንደነደደ መዝግቦ መያዝ፣ ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይሆናል።