ባንኩ «አልቀበልም» ሲል

የጁቤ ላይ ከመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን የ50 ኪሎ ማዳበሪያ በአህያ ጭኖ የሚወጣ የባሶ ሊበን ገበሬ ኤልሲ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ማዳበሪያው ግን ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ እንዲራገፍ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ኤልሲ ማስከፈት ነበረበት። ኤልሲ ማለት የገዥው ባንክ ለሻጩ «ሰነድህ የተባለውን ካሟላ እከፍልሃለሁ» ብሎ የሚገባው ቃል ነው። ባንኩ የሚመረምረው ወረቀቱን ነው፤ ጭነቱን አያይም።

ወረቀቱ ጉድለት ከተገኘበት ባንኩ አልቀበልም ይላል። ወደ ውጭ ሲሸጡ በሻጩ ቦታ የሚቆሙት ላኪዎቻችን ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ «በቃ፣ ከሰርን» ብለው ለገዥው ዋጋ ለመቀነስ ይሮጣሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እምቢታው ከሻጩ ይልቅ ባንኩን የሚያስር ሥርዓት አለው።

መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ያወጣው ዩሲፒ 600 የተባለው የኤልሲ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይሠራል። አንቀጽ 16ን አንብቡት። ባንኩ ሰነዱ በቀረበለት ማግስት የሚጀምሩ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አሉት። በእነዚህ ቀናት ውስጥ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ማስታወቂያ ይልካል። አልቀበልም ማለቱን፣ እምቢ ያለበትን እያንዳንዱን ጉድለት፣ ሰነዱንም ይዞ እንደሚጠብቅ ወይም እንደሚመልስ በግልጽ ይጽፋል። ባንኮች መልእክት በሚለዋወጡበት በስዊፍት የሚላከው ማስታወቂያ ቁጥሩ 734 ነው፤ ለጉድለቱ አንድ ቦታ፣ ሰነዱ ለሚቆይበት ሁኔታ ሌላ ቦታ አለው። ከእነዚህ አንዱን ያጎደለ ወይም ቀኑን ያሳለፈ ባንክ «ሰነዱ ጉድለት አለበት» የማለት መብቱን ያጣል። ገዥውን «ጉድለቱን ታልፈዋለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቁ ግን 5ቱን ቀን አያራዝምለትም።

አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ በምሠራበት ዘመን አንድ የሰሊጥ ላኪ ሁለት ጊዜ የእምቢታ መልእክት ደረሰው። በመጀመሪያው የተባለው አንድ ቅጂ ጎደለ ነው፤ የኤልሲው ጊዜ ሳያልፍ አሟልተን ላክን። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ባንክ ቀድሞ በእጁ በነበረው ፓኪንግ ሊስት ላይ አዲስ ጉድለት አገኘሁ አለ። አንቀጽ 16ን ጠቅሰን «ማስታወቂያህ አንድ ነበር፤ ልከኸዋል» ብለን መለስን። ገንዘቡ ገባ።

ይህ ሲባል ላኪው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የዕቃውን ስም ከኤልሲው ሳይገለብጥ ከጭንቅላቱ ኢንቮይስ ላይ የሚጽፍ፣ ከተጫነ በኋላ ያለውን የ21 ቀን ገደብ አባክኖ በመጨረሻዋ ሰዓት ባንክ የሚደርስ ስንቱ ነው! እ.ኤ.አ. በ1942 የለንደን ይግባኝ ሰሚ ችሎት በአንድ የኦቾሎኒ ጉዳይ ለባንኩ ፈርዷል፤ ነጋዴ ሁሉ አንድ ዕቃ መሆኑን ቢያውቅም በጭነት ሰነዱ ላይ የሰፈረው ስም ከኤልሲው ስም ይለይ ነበር። የዛሬው ደንብ ለሌሎቹ ሰነዶች ላላ ብሏል፤ ኢንቮይሱ ግን ዛሬም ከኤልሲው ጋር መግጠም አለበት።

እንግዲህ እምቢታ ሲደርሳችሁ ለገዥው ከመደወላችሁ በፊት ሰነዱ የቀረበበትን ቀንና መልእክቱ የተላከበትን ቀን ቁጠሩ።